ያውቁ ኖሯል? ከክሮሙ ሥር ያለው ብረት

(ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱና ቀናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሮጌ መኪና ፓራውልት ላይ ፊትዎን የሚያሳይዎት ክሮም ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ዝናቡንና ጭቃውን ችሎ ብረቱን የሚጠብቀው ከክሮሙ ሥር የተነጠፈው ኒኬል ነው፤ እሱ ከ10 እስከ 40 ማይክሮን ይደርሳል። በጥሩ እጅ በተሠራ ዕቃ ላይ ከኒኬሉም በታች መዳብ አለ። ክሮሙ የተጨመረው ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና በቀላሉ እንዳይጫር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በአሮጌ ክሮም ላይ ብርጭቆ ወረቀት አያነሣም።

ክሮም ራሱ አይዝግም። በላዩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ካዩ የዛገው ከሥር ያለው ብረት ነው። ውሃ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ገብቶ ብረቱን ይበላዋል፤ ዝገቱም በዚያው ቀዳዳ ይወጣል።

ያንን ነጠብጣብ ለማስለቀቅ ወጥ ቤት ያለው የአልሙኒየም ፎይል እንደሚበቃ ያውቁ ኖሯል? ቁራጩን ጨምድደው ውሃ ያስነኩትና በቀስታ ያሹት። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ አልሙኒየም ከ3 አያልፍም፤ ክሮም ግን ከ8 በላይ ነው። ስለዚህ ፎይሉ ክሮሙን ሊጭረው አይችልም። ጥቂት እንዳሹት ውሃው ወደ ጥቁር ግራጫ ዝቃጭ ይለወጣል። ጠርገው ሲያዩት ቀዩ ጠፍቶ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ ትቀራለች። ያቺ ነጥብ ቀዳዳዋ ናት። እንደ ጸዳች ሰም ካልተቀባች በሚቀጥለው ክረምት ቀዩ ይመለሳል። ብልሃቱ የሚሠራው በእውነተኛ ክሮም ላይ ብቻ ነው፤ ክሮም የመሰለ ፕላስቲክ ወይም ቀለም ላይ ከሞከሩት ይላጥብዎታል።

የማንኛውም አሮጌ መኪና አዳሽ የመጀመሪያው መሣሪያ ማግኔት ነው። በእኔ እምነት ከማግኔት በፊት ግራይንደር የሚያነሣ ሰው መኪናውን ሊያበላሽ ነው የተነሣው። ማግኔቱ ከሳበ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ብረት ነው። ካልሳበና ዕቃው ቀላል ከሆነ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል። ካልሳበና ከበድ ካለ የዚንክ ቅይጥ ወይም ናስ ነው። መስኮትና ጣሪያ ዙሪያ ያለው ቀጭን የሚያብረቀርቅ ጌጥ ካልሳበ ብዙ ጊዜ ስቴይንለስ ነው፤ ስቴይንለስ ከሆነ ደግሞ ደስ ይበልዎ፣ ምክንያቱም ንጣፍ የለውምና እስከ መጨረሻው ሊወለወል ይችላል። በበሩ ላሜራ ላይ ማግኔቱ አንድ ቦታ ስቦ ከጎኑ ከተንሸራተተስ? እዚያ ቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

ስቱኮ ከመምጣቱ በፊት፣ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ የመኪና አካል መጋጠሚያና ጎድጓዳ የሚሞላው በእርሳስ ነበር። ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ እርሳስና 30 በመቶ ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ቅይጥ በእሳት ለስልሶ በእንጨት መዳመጫ ይቀባል። በዚያ ዘመን መኪና ላይ ብርጭቆ ወረቀት የሚያሽከረክር ማሽን መጠቀም የእርሳስ ብናኝ መተንፈስ ነው። የድሮ ባለሙያዎች በሞረድ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ የሞረድ ፍቅፋቂ መሬት ይወድቃል፣ አየር ላይ አይንሳፈፍም።

እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሲድሊ መኪና በረሃና ገደል አቋርጦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ አዲስ አበባ ሲደርስ 1908 መግቢያው ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ አንድም ክሮም የተነጠፈበት መኪና አልነበረም። የመኪና ማጌጫ ናስ ነበር፤ ራዲያተሩ፣ መብራቱ፣ ጥሩምባው ሁሉ በናስ ይሠራ ነበር፤ ሾፌሩም በየጊዜው ይወለውለዋል። ፎርድ በሞዴል ቲ ላይ የናሱን ራዲያተር በጥቁር የተካው ለ1917 ሞዴል ነው።

ክሮሚየምን ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክለን በ1797 ከሳይቤሪያ በመጣ ቀይ ማዕድን ውስጥ አገኘው። ለንግድ በሚሆን መንገድ ብረት ላይ ማንጠፍ የተቻለው ግን በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኮሊን ፊንክና ቻርለስ ኤልድሪጅ ዘዴውን ካበጁት በኋላ ነው። በ1926 ኦልድስሞቢል በመኪናዎቹ ላይ ማንጠፍ ጀመረ። በናስና በክሮም መካከል ያለው ዘመን የኒኬል ነው። ኒኬል ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ መልክ አለው፤ ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል። የ1915ን መኪና በክሮም አንቆጥቁጦ የሚያመጣ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የመኪናውን ታሪክ ያጠፋል፤ ዓይን የለመደ ዳኛ ደግሞ ከሩቅ ይለየዋል።

በ1942 የተሠሩ አንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ጌጣቸው ሁሉ በቀለም የተቀባ ነው። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ክሮም፣ ኒኬልና ስቴይንለስ ለጦር መሣሪያ ተፈለጉ። መንግሥትም ከፓራውልት በቀር በመኪና ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳይኖር አዘዘ። ወዲያው በየካቲት የሲቪል መኪና ምርት ጭራሹን ቆመ። ስለዚህ እነዚያ መኪናዎች ጥቂት ናቸው፤ ባለቤቱ ሊያደርገው የሚገባው ጌጡን እንደ ነበረ ቀለም መቀባት እንጂ ክሮም ማልበስ አይደለም።

የ1951 እና የ1952 የአሜሪካ መኪናዎች ክሮም ቶሎ የሚላጠው በኮሪያ ጦርነት ምክንያት ነው። ኒኬል ስለጠፋ ፋብሪካዎቹ ያለ በቂ ኒኬል አነጠፉ።

የ1958 ቡዊክ የፊት ፍርግርግ ላይ 160 ክሮም የለበሱ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ነበር። እያንዳንዱ ብርሃን እንዲመልስ ተብሎ አራት ፊት ተቆርጦለታል። ዛሬ ያንን ፍርግርግ የሚያድስ ሰው 160ውን አንድ በአንድ ሊወለውል ነው።

ከ1973 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ የፊት ፓራውልት በሰዓት 5 ማይል ግጭት ሲገጥመው መብራትና የነዳጅ ክፍል ሳይጎዳ እንዲችል አስገደደች። ቀጭኑ ክሮም ፓራውልት በዚያ አበቃለት ማለት ይቻላል።

የድሮ የፊት መብራት ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ሳህን በብር የተነጠፈ ነበር። ብር ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 95 በመቶ ይመልሳል፤ ክሮም ግን ወደ 65 በመቶ ብቻ። "ብሩ ጠቁሯል፣ ክሮም አድርግልኝ" ብሎ ወደ አንጣፊ የሚልክ ሰው በቀን ያማረ፣ በሌሊት የደከመ መብራት ይዞ ይመለሳል።

በ1907 የተሠራችው ታዋቂዋ ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ጎስት "ሲልቨር" (ብር) የሚለውን ስሟን ያገኘችው ከመልኳ ነው። አካሏ አልሙኒየም በሚመስል ቀለም ተቀብቶ፣ መብራትና ማስጌጫዋ በብር ተነጥፎ ነበር።

የመጨረሻውን መስታወታዊ ውልወላ የሚሰጠው ቀይ ዱቄት፣ ወርቅ ሠሪዎችም የሚጠቀሙበት፣ በኬሚካላዊ ይዘቱ የብረት ኦክሳይድ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ማለትም ከመኪናው ላይ ቀን ሙሉ ስንፍቀው የዋልነው የዝገት ዘመድ ነው፤ በጣም ደቆ ሲወጣ ያንኑ ብረት ያበራል። ለስቴይንለስ የሚመረጠው አረንጓዴው ደግሞ የክሮሚየም ኦክሳይድ ነው።

ወደ ውልወላው ራሱ እንምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የተጫረ አልሙኒየም ወይም ስቴይንለስ የሚጀመረው ከቁጥር 220 ወይም ከ320 ብርጭቆ ወረቀት ነው። ከዚያ 400፣ 600፣ 800፣ 1000። በእያንዳንዱ ቁጥር አቅጣጫ ይቀየራል፤ በ400 ወደ ጎን ከፈገፈጉ በ600 ወደ ላይና ወደ ታች። ይህ የሚደረገው የቀድሞው ጭረት መጥፋቱ እንዲታይ ነው። አንዲት የ220 ጭረት ተርፋ 1000 ላይ ከደረሱ፣ በውልወላው ጊዜ ብርሃን ላይ ፍንትው ብላ ትታያለች፤ እንደገና ከ220 መጀመር ነው። ቀጥሎ የቃጫ መንኮራኩር፣ ከዚያ የተሰፋ ጥጥ፣ መጨረሻ ላይ ያልተሰፋ ለስላሳ ጥጥ። ለእያንዳንዱ የመወልወያ ሰም የራሱ መንኮራኩር አለው። ሻካራው ሰም የነካው ጥጥ ለማጠናቀቂያው ከዋለ የጨረሱትን ይጭረዋል።

መንኮራኩሩ ላይ ዕቃ የሚያዘው ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሹል ጠርዙም ወደ ሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይዞራል እንጂ ፊት ለፊት አይሰጥም። ጠርዙ ከተያዘ መንኮራኩሩ ዕቃውን ነጥቆ ይወረውረዋል። የበር ማስጌጫ ቀጭን ስቴይንለስ በአንድ ሰከንድ ሲጣመም ያየ ሰው ይህን ምክር አይረሳም።

ነሐሴ 2 ቀን 2014 በቻይና ኩንሻን ከተማ የአልሙኒየም ቸርኬ በሚወለውል ፋብሪካ ውስጥ የተጠራቀመ ብናኝ ፈንድቶ ከ140 በላይ ሰዎች ሞቱ። አልሙኒየም ሲደቅ ተቀጣጣይ ነው። የአልሙኒየም ብናኝ ከዝገት ጋር ሲቀላቀልና ሲለኮስ ደግሞ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይነድዳል፤ የባቡር ሐዲድ የሚበየድበት ቴርሚት እሱ ነው። አንድ ግራይንደር ጠዋት የዛገ ብረት፣ ከሰዓት አልሙኒየም የሚፈጭበት፣ ወለሉም የማይጠረግ ጋራዥ ሁለቱን እያጠራቀመ ነው። ልጆች የሚሠሩበት ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች ይህን ዛሬውኑ አስተካክሉት።

በገጠር መንገዶቻችን ሲመላለስ የኖረው ላንድሮቨር በ1948 ሲወጣ አካሉ ከአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ስለነበረ ነው። የመጀመሪያዎቹ አረንጓዴ ቀለምም ከአየር ኃይል የተረፈ ነበር። አካሉ በቀይ ዝገት አይበላም፤ ሻሲውና የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ግን ብረት ናቸው። አልሙኒየምና ብረት እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል፤ በብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የሚወጣው ለዚህ ነው። ሲያድሱ በመካከላቸው ቀለም ወይም ላስቲክ ይግባ።

ድስት በአመድ ሲፈተግ የኖረበት ቤት ያደገ ሰው አልሙኒየሙ በአመድ እንደሚጠቁር አይቷል። አመድ አልካሊ ነው፤ አልካሊ ደግሞ አልሙኒየምን ይበላል። ይኸው ጠባዩ ለአዳሹ ይጠቅመዋል። ደንዝዞ ውልወላ እንቢ የሚል የፍርግርግ ጌጥ ካጋጠመዎ ላዩ በኤሌክትሪክ የጠነከረ ኦክሳይድ ሳይለብስ አይቀርም። እሱን የሚያወጣው የኮስቲክ ሶዳ ውህድ ነው። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ዕቃው ውስጡ ሊቆይ የሚገባው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል።

የቮልስ ባለቤቶች ሆይ፣ የአብዛኞቹ ሞተር መያዣ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም፣ ይብሳል። በ1955 በለማን ውድድር የጋየው የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ስለነበር ውሃ እሳቱን አባባሰው፤ በዚያ አደጋ ከ80 በላይ ሰዎች አለቁ። የቮልስን ሞተር ቤት በግራይንደር አይንኩት፤ በብሩሽና በነዳጅ ይታጠብ፣ ብናኙም አይጠራቀም።

ቮልስን ካነሣን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ የተሠራችው በሜክሲኮ ፑዌብላ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ስለዚህ የቮልስ ዕቃ አይጠፋም። እንዲያም ሆኖ የቀድሞው ወፍራም ፓራውልት ቢገኝ በአዲስ ስስ ቅጂ ከመለወጥ አሮጌውን ቀጥቅጦ ማንጠፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

የበር እጀታ፣ የመብራት ቀለበት፣ ኮፈኑ ላይ የሚቆመው ምስል በብዛት የተሠሩት ከዚንክ ቅይጥ ነው። ከ400 ዲግሪ በታች ስለሚቀልጥ በቀላሉ ሻጋታ ውስጥ ይፈሳል። ድሮ እርሳስ የተቀላቀለበት ከሆነ ከውስጡ ይሰነጣጠቃል፤ በ1929 ኒው ጀርሲ ዚንክ የተባለው ኩባንያ ንጹሑን ቅይጥ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ዕቃ ክሮም እንደ ኩፍኝ ሽፍ ሲል እድሳቱ ከሁሉ ይከብዳል። መጀመሪያ አሮጌው ንጣፍ በኬሚካል ይነሣል። ከዚያ እያንዳንዱ ጉድጓድ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ በሚያህል ጫፍ ነጭ ዱቄቱ እስኪያልቅ ይጸዳል። መዳብ ይነጠፋል፤ ጉድጓዱ በቀላጭ ብየዳ ይሞላል፤ ተሞርዶ ይስተካከላል፤ እንደገና መዳብ፣ ውልወላ፣ ኒኬል፣ ክሮም። አንድ እጀታ ከአንድ ሙሉ ፓራውልት በላይ የሚያስከፍለው ባለሙያው ስለሰሰተ አይደለም፤ ሥራው ነው።

ዝገት ያለ ፍትጊያ፣ በባትሪ ቻርጀር ሊለቅ ይችላል። የፕላስቲክ በርሜል ውሃ ይሞላል፤ በአራት ሊትር አንድ ሾርባ ማንኪያ ያህል የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ይሟሟል። የዛገው ዕቃ ከኔጋቲቩ ይያዛል፤ ቁራጭ ተራ ብረት ከፖዘቲቩ፤ ሁለቱ አይነካኩም። ከዕቃው ላይ ደቃቅ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሃይድሮጅን ነው፣ ስለዚህ ደጅ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ። ሽቦው ከተገለበጠ የሚበላው የእርስዎ ዕቃ ነው። ከሰዓታት በኋላ ሲያወጡት ቀዩ ጠቁሮ በብሩሽ ይረግፋል፤ ደህናው ብረት አልተነካም። ወዲያው አድርቀው ዘይት ካልቀቡት ግን እዚያው ዓይንዎ ፊት መልሶ ይቀላል። በፖዘቲቩ በኩል ስቴይንለስ አያስገቡ፤ ውሃው ውስጥ መርዘኛ ክሮሚየም ይለቃል። አልሙኒየምና ዚንክም በዚህ ዘዴ አይጸዱም።

ያ መርዘኛ ክሮሚየም ባለ ስድስት ቫለንሱ ነው፤ ሳንባ ላይ ካንሰር ያመጣል። ጥንታዊው የክሮም ገንዳ የሚሠራው በእሱ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2017 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀምን ከልክሏል። ባለ ሦስት ቫለንሱ ይሻላል፤ መልኩ ጥቂት ስለሚለይ ግን አንዱ ፓራውልት በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ዘዴ ከተነጠፈ ጎን ለጎን ሲቆሙ ይታወቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ያስነጥፉ።

ሞላና ጠንካራ ብሎን አሲድ ውስጥ ከተነከረ ወይም ከተነጠፈ ሃይድሮጅን ይመጥጥና ሊሰባበር ይችላል። መድኃኒቱ ወዲያው ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ለሰዓታት ማብሰል ነው። ይህን ለማያውቅ አንጣፊ የፍሬንና የመሪ ብሎን አይስጡ።

ናስን አሞኒያ ባለበት መወልወያ ሲያሹ ሥንጥቁ ውስጥ እንዲቀር አይተዉት። በብሪታኒያ ሕንድ የጥይት ቀለሆች በዝናብ ወራት ራሳቸው ይሰነጠቁ ነበር፤ የተከማቹት ከፈረስ ጋጣ አጠገብ ነውና የሽንቱ አሞኒያ ናሱን ከውስጥ ሰነጠቀው።

በ1936 አሌጌኒ የተባለው የብረት ኩባንያ ከፎርድ ጋር ስድስት መኪናዎችን አካላቸውን በስቴይንለስ አሠራ። እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ ማይል በላይ ተነዱ፤ አካላቸው ከሌላው ዕቃቸው በለጠ።

በ2015 ፓሪስ ውስጥ አንዲት ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ፣ ለዓመታት የተኛባትን አቧራ እንደ ያዘች፣ ሳትወለወል ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠች። የጥንታዊ መኪና ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም በቱሪን ቻርተሩ ከማደስ ይልቅ ማቆየትን ያስቀድማል። ፋብሪካው ያነጠፈው ኒኬል ከነመጠነኛ ድብዛዜው ካለ፣ ይታጠብ፣ ሰም ይቀባ፣ ይተው።

በበሩ ታችኛ ጠርዝ ሥር ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መኖራቸውንስ ያውቁ ኖሯል? በመስኮቱ የሚገባው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። ጭቃ ሲደፍናቸው ውሃው በሩ ውስጥ ይተኛና ላሜራውን ከውስጥ ይበላል። ከሰኔ በፊት በቀጭን ሽቦ ይክፈቷቸው፤ ጥቂት ውሃ አፍስሰውም ሲንጠባጠብ ይዩ። መኪናውን በፕላስቲክ አይሸፍኑት፤ ላቡ ውስጡ ይቀራል፣ አየር የሚያስተላልፍ ሸራ ይሻላል።